ለመላቀቅ የሚጣበቅ፦ የብራኬት ማጣበቂያ ጥንካሬ እንዴት ይለካ፣ እንዴትስ ይነበብ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ከአንዲት የምስር ፍሬ በማይበልጥ ስፋት ላይ ያተኮረ ነው። ጥርስን ለማስተካከል በምናደርገው ሕክምና፣ ማለትም በኦርቶዶንቲክስ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ብራኬት የምንላት ትንሽ መያዣ እናጣብቃለን። ሽቦው የሚያልፈው በእርስዋ ውስጥ ነው፤ ሽቦው ጥርሱን የሚገፋውና የሚስበውም በእርስዋ አማካይነት ነው። ብራኬቷ ጥርሱን የምትነካበት መሠረት በአብዛኛው 10 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያች ትንሽ ቦታ ምራቅን፣ ትኩስ ቡናን፣ ቀዝቃዛ ውኃን፣ የጥርስ ብሩሽንና የመንጋጋን ጉልበት ተቋቁማ መቆየት አለባት።

ነገር ግን ከማጣበቂያው የምንጠብቀው መያዝን ብቻ አይደለም። አናጺ ሁለት ጣውላዎችን ሲያጣብቅ ለዘለዓለም እንዲያያዙለት ይመኛል፤ በጉልበት ቢለያዩ እንኳ ከማጣበቂያው ይልቅ እንጨቱ ቢሰበር ሥራው እንደተሳካ ይቆጥረዋል። የእኛ ሙያ በዚህ ረገድ የአናጺው ተቃራኒ ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ብራኬቷ መነሣት አለባት፤ ስትነሣም ጥርሱ እንደነበረ መገኘት አለበት። እንጨቱ ቢሰበር አናጺው ሌላ እንጨት ይገዛል። የጥርስ ውጫዊ ልባስ የሆነው ኢናሜል ግን አንዴ ከተሸረፈ አካል መልሶ አይሠራውም፤ ኢናሜልን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ አብረው ጠፍተዋልና።

ስለዚህ «ጥሩ ማጣበቂያ የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ከሁሉ የበረታው» የሚለው መልስ ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት ብዙ ተማሪዎች ይሠሩታል፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። በዛሬው ንግግሬ የማጣበቅ ጥንካሬ የምንለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚሰውርብን አሳያለሁ። በመጨረሻም ጉዳዩ የእኛን አገር ታካሚዎች በተለየ ሁኔታ ለምን እንደሚመለከት እናገራለሁ።

1. ከቀለም ፋብሪካ ወደ ጥርስ

ብራኬትን በቀጥታ በጥርስ ላይ ማጣበቅ ከመለመዱ በፊት፣ ሐኪሙ እያንዳንዱን ጥርስ በብረት ቀለበት ያስር ነበር። ሥራው ረጅም፣ ለታካሚውም አድካሚ ነበር፤ በጥርሶች መካከል ክፍተት ማበጀትን ይጠይቃል፣ ከቀለበቱ ሥር የሚሰነቀር ምግብም ጥርሱን ያበሰብሳል።

ለውጡ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በአሜሪካ የሮቸስተር ከተማ ተመራማሪ የነበረው ማይክል ቡኖኮር፣ በኢንዱስትሪ ቀለምና ሬዚን ከብረት ጋር በደንብ እንዲያያዙ ብረቱ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ ተገነዘበና «ይህ በጥርስ ላይስ?» ብሎ ጠየቀ። 85 በመቶ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ በኢናሜል ላይ አድርጎ፣ የአክሪሊክ ሬዚን ይዞታ እጅግ እንደሚሻሻል አሳየ። ዛሬ በክሊኒካችን የምንጠቀመው አሲድ 37 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የምናቆየውም ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም።

አሲዱ የሚያደርገው ምንድን ነው? ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ያህል ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን ጎን ለጎን በተሰለፉ እጅግ ቀጫጭን ዘንጎች የተደራጀ ነው። አሲዱ የዘንጎቹን እምብርትና ዳርቻ በእኩል ፍጥነት ስለማያሟሟ፣ ለስላሳ የነበረው ገጽ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ይሞሉታል። ፈሳሹ ሬዚን ወደ ጉድጓዶቹ ሠርጎ ይገባና እዚያው ይጠነክራል። ስለዚህ ቁርኝቱ በዋነኛነት ሜካኒካዊ ነው፤ ሬዚኑ ሥር ሰድዶ ነው የሚይዘው። እያንዳንዷ ሥር ለብቻዋ ኢምንት ናት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ የሺዎቹ ሥሮች ድምር ግን የመንጋጋን ጉልበት ይቋቋማል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። ራፋኤል ቦወን ዛሬም የአብዛኞቹ ማጣበቂያዎች መሠረት የሆነውን ቢስ-ጂኤምኤ የተባለ ሬዚን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ መብት አገኘበት። ጆርጅ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1965 ብራኬቶችን በኢፖክሲ ሬዚን በቀጥታ በጥርስ ላይ ስለማጣበቅ ጻፈ። ቀጥሎ በሰማያዊ ብርሃን የሚጠነክሩ ሬዚኖች፣ ፍሎራይድ የሚለቁ የመስታወት አዮኖመር ሲሚንቶዎች፣ አሲዱንና ፕራይመሩን በአንድነት የያዙ ፈሳሾች መጡ። አዲስ ምርት በመጣ ቁጥርም አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ «ጥንካሬው ስንት ሜጋፓስካል ነው?»

2. ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

የቤተ ሙከራውን ሥርዓት ላላያችሁት ላስረዳ። ለሕክምና ሲባል የተነቀሉ የሰው ጥርሶች፣ በአብዛኛው ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት ያሉት ፕሪሞላሮች፣ ይሰበሰባሉ። የሰው ጥርስ ሲታጣ የከብት ጥርስ ይተካል። ጥርሶቹ እንዳይደርቁ በፈሳሽ ይቀመጣሉ፤ ከዚያም በአክሪሊክ ይተከላሉ፤ ገጻቸው ይጸዳል፤ በአሲድ ይነከራል፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ብራኬት ይጣበቅበታል። ናሙናው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያህል ይቆያል። አንዳንዱ ተመራማሪ በ5 እና በ55 ዲግሪ ውኃ መካከል በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያፈራረቀ ይነክረዋል፤ ትኩስና ቀዝቃዛ ምግብ የሚያደርሱትን ጫና ለመምሰል ነው። በመጨረሻም የመፈተኛ ማሽኑ ምላጭ ከጥርሱ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ብራኬቷን እስክትላቀቅ ይገፋታል። ይህን ዓይነቱን በጎን የሚገፋ ኃይል ሺር እንለዋለን።

ማሽኑ የሚነግረን ኃይሉን በኒውተን ነው። እኛ ኃይሉን ለብራኬቷ መሠረት ስፋት እናካፍላለን። ብራኬቷ በ90 ኒውተን ብትላቀቅና የመሠረቷ ስፋት 10 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን፣ ጥንካሬው 9 ሜጋፓስካል ነው እንላለን። ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ቅለቱ ነው።

አንደኛ፣ ማካፈሉ ኃይሉ በመላው ገጽ ላይ እኩል እንደተሰራጨ አድርጎ ያስባል። እውነታው እንዲህ አይደለም። ምላጩ ብራኬቷን የሚገፋው ከጥርሱ ገጽ ትንሽ ራቅ ብሎ ስለሆነ፣ ግፊቱ ከጎን መገፋት በተጨማሪ መላጥም አለበት። ጫናው በአንደኛው ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣና ወደ ሌላው ጠርዝ ይሮጣል። ስለዚህ 9 ሜጋፓስካል የምንለው የስም አማካይ ነው፤ ጠርዙ ላይ የነበረው ጫና ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ምላጩን በግማሽ ሚሊሜትር ብታርቁት፣ ማጣበቂያው ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ሁኔታዎቹ ቁጥሩን ይገዙታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፊነማና ባልደረቦቹ ቀደም ሲል የታተሙ የቤተ ሙከራ ጥናቶችን አሰባስበው በስታቲስቲክስ መርምረዋል። የደረሱበትን ልጥቀስ። ናሙናውን በውኃ ማቆየት ጥንካሬውን በአማካይ በ10.7 ሜጋፓስካል ቀንሶታል። ብርሃን በበራ በእያንዳንዱ ሰከንድ 0.077 ሜጋፓስካል ተጨምሯል። የምላጩ ፍጥነት በደቂቃ በ1 ሚሊሜትር ሲጨምር ጥንካሬው በ1.3 ሜጋፓስካል ከፍ ብሏል። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ቤተ ሙከራዎች አንዱን ማጣበቂያ ፈትነው ፈጽሞ የተለያየ ቁጥር ቢያወጡ አንዳቸውም አልዋሹም። የተለያየ ነገር ለክተዋል እንጂ።

ሦስተኛ፣ ቤተ ሙከራ አፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ፒኬትና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ሙሉ ሕክምና በጨረሱ ታካሚዎች አፍ ውስጥ የተለካው አማካይ ጥንካሬ 5.5 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ የተለካው ግን ከ11 ሜጋፓስካል ያላነሰ ነበር። ልዩነቱ ከእጥፍ አያንስም። ምራቅ፣ እርጥበት፣ የወራት ድካም፣ የታካሚው ምላስ መንቀሳቀስና ሐኪሙ ለመሥራት የሚችልበት ጠባብ ቦታ በምርቱ መግለጫ ወረቀት ላይ አይጻፉም።

3. ወለሉና ጣሪያው

እንግዲህ ስንት ይበቃል? በዚህ ዘርፍ የታተመ ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ አንድ መልስ ያውቃል፤ ከ6 እስከ 8 ሜጋፓስካል። ይህ መልስ የሚጠቀሰው ከሬይኖልድስ የ1975 እ.ኤ.አ. የዳሰሳ ጽሑፍ ነው፤ በትክክል 5.9 እስከ 7.8 ሜጋፓስካል ይላል። ተማሪዎቼ በየጥናታቸው ይህን ሲጠቅሱ «ጽሑፉን አንብባችሁታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ያነበቡት ጽሑፉን የጠቀሰ ሌላ ጽሑፍ ነው። ሬይኖልድስ ይህን ያቀረበው ለክሊኒክ ሥራ ይበቃል ተብሎ እንደሚታሰብ ግምት ነው፤ የተናገረውም ስለ መሳብ ኃይል እንጂ ዛሬ አብዛኞቻችን ስለምንለካው ሺር አልነበረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በነበሩት ቁሳቁሶች ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ ግምት ሲጠቀስ ሲጠቀስ ሕግ መስሎ ተተከለ።

በእርግጥ ወለል ያስፈልገናል። ነገር ግን ወለሉን የሚወስነው ምን እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ሽቦው ጥርስን ለማንቀሳቀስ የሚጠቀምበት ኃይል ትንሽ ነው፤ አንድ ኒውተን ገደማ ብንለው፣ በ10 ካሬ ሚሊሜትር ላይ 0.1 ሜጋፓስካል ብቻ ይሆናል። ብራኬትን የሚጥላት ሽቦው አይደለም። የሚጥላት ቆሎ ነው፤ ሸንኮራ አገዳ ነው፤ ዳቦ ቆሎ ነው፤ የሚጋጥ አጥንት ነው። ታካሚያችን በዓል ውሎ ሲመለስ ሁለት ብራኬት በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል። እያንዳንዷ የወደቀች ብራኬት የሕክምናውን ጊዜ ታራዝማለች፤ ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ ደግሞ የትራንስፖርት ወጪና የሥራ ወይም የትምህርት ቀን ታስከፍላለች። ስለዚህ ወለሉን ንቀን አናልፈውም።

ጣሪያውስ? ጣሪያው የኢናሜሉ የራሱ ጥንካሬ ነው። ረቲፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢናሜል በ9.7 ሜጋፓስካል ሲሰበር ማየቱን ዘግቧል። ይህንም ቁጥር እንደ ሕግ አትያዙት፤ ጥርስ ከጥርስ ይለያያል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ወለሉና ጣሪያው የምንመኘውን ያህል የተራራቁ አይደሉም።

ጣሪያውን መርሳት ምን እንደሚያስከትል ሙያችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተምሯል። ብረት መታየቱን የማይወዱ አዋቂ ታካሚዎችን ለማስደሰት የሴራሚክ ብራኬቶች ወጡ። ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹ ከማጣበቂያው ጋር ሲሌን በተባለ ውህድ አማካይነት በኬሚካላዊ መንገድ ይያያዙ ነበር። ጥንካሬያቸው ከፍተኛ ሆነ፤ በቁጥር ብንሄድ ድል ነበር። ሴራሚክ ግን እንደ ብረት አይለመጥም። በማንሻ ፒንሳ ሲያዙ ብራኬቶቹ በመላቀቅ ፈንታ ኢናሜሉን ይዘው መነሣታቸው ተዘገበ። አምራቾችም ወደ ሜካኒካዊ አያያዝ አዘነበሉ፤ በሌላ አነጋገር ጥንካሬውን ሆን ብለው ቀነሱ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ለዚህ ነው «በስንት ተላቀቀ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የት ላይ ተላቀቀ?» የሚለው አብሮ መጠየቅ ያለበት። አርቱንና በርግላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዚህ ቀላል መለኪያ አበጅተዋል። በጥርሱ ላይ ምንም ማጣበቂያ ካልቀረ 0፤ ከግማሽ በታች ከቀረ 1፤ ከግማሽ በላይ ከቀረ 2፤ የብራኬቷ መሠረት ቅርጽ እንደታተመበት ሁሉም ከቀረ 3። ሐኪም በችኮላ ቢያየው 0 ይወደዋል፤ የሚፋቅ ነገር የለምና። ነገር ግን 0 ማለት መላቀቁ የሆነው በኢናሜሉ ድንበር ላይ ነው ማለት ነው፤ ኢናሜሉ ተሸርፎ የመሄዱ አደጋም ያለው እዚያ ነው። 3 ሲሆን ሐኪሙ ቀሪውን ሬዚን በጥንቃቄ ለመፋቅ ተጨማሪ ደቂቃዎች ያጠፋል፤ መፋቁም በግዴለሽነት ከተሠራ ኢናሜሉን ይጎዳል። ቢሆንም መላቀቁ ከኢናሜሉ ርቆ ሆኗል። እኔ ራሴ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ የሐኪም ደቂቃ ይተካል፣ ኢናሜል አይተካም።

4. አማካይ የሚሰውረው

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ እመጣለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የፈጠርኳቸው ናቸው። ማጣበቂያ «ሀ» አማካይ ጥንካሬው 14 ሜጋፓስካል፣ ከአማካዩ የመራራቅ ልኩ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ 6 ነው። ማጣበቂያ «ለ» አማካዩ 10፣ የመራራቅ ልኩ 1.5 ነው። ሃያ ሃያ ናሙና ብንፈትን የስታቲስቲክስ ፈተናው «ሀ» በጉልህ ይበልጣል ይለናል፤ የጽሑፋችንም ማጠቃለያ «ሀ የተሻለ ነው» የሚል ይሆናል።

አሁን ስርጭቱን እንመልከት። ውጤቶቹ የተለመደውን የደወል ቅርጽ ይዘዋል እንበል። በ«ሀ» ከተጣበቁ መቶ ብራኬቶች ሰባት ያህሉ ከ5 ሜጋፓስካል በታች ይላቀቃሉ፤ አሥራ ስድስት ያህሉ ደግሞ ከ20 በላይ ይሆናሉ። በ«ለ» ከሆነ ግን ከ5 በታች የሚወድቀው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ከ20 በላይ የሚሆንም የለም። በአንድ ታካሚ አፍ ውስጥ ሃያ ብራኬት እንዳለ ብናስብ፣ «ሀ» አንድ ወይም ሁለት ይጥልብናል፤ ስናነሣቸውም ሦስት ጥርሶችን ለአደጋ ያጋልጣል። ተሸናፊው «ለ» ነበር ሐኪሙ የሚፈልገው። ስዊድናዊው መሐንዲስ ቫሎዲ ዋይቡል ስለ ቁሶች መሰበር ያስተማረው የትንታኔ ዘዴ ለእኛ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ «በአማካይ ስንት?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ጫና ከመቶው ስንቱ ይወድቃል?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ለዶክትሬት ጥናቴ ናሙና ሳዘጋጅ አንዳንድ ብራኬቶች ማሽኑ ላይ ሳይደርሱ፣ ገና ከውኃው ሳወጣቸው፣ በራሳቸው ወደቁ። በዝግጅት ጉድለት የተበላሹ ናሙናዎች ናቸው ብዬ ከሠንጠረዡ አወጣኋቸው፤ በሌላ ተካኋቸውም። ሠንጠረዡ አማረ። አማካሪዬ የቤተ ሙከራ ማስታወሻ ደብተሬን ሲያገላብጡ የወደቁትን አዩና እንዲህ አሉኝ፦ «እነዚህ በታካሚ አፍ ውስጥ ቢወድቁ ኖሮ፣ ታካሚውንም ከሠንጠረዡ ታወጣው ነበር?» መልስ አልነበረኝም። የወደቁትን መልሼ አስገባኋቸው፤ አማካዩ ወረደ፣ ስርጭቱ ሰፋ፣ የጥናቴም መደምደሚያ ተለወጠ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርቴ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ያች ጥያቄ ናት እላለሁ።

5. ከሠንጠረዡ የወጡ ጥርሶች

ያች ጥያቄ ከናሙና ዝግጅት አልፋ ወደ አገራችን ጥርሶች ትወስደናለች። በዚህ ርእስ የታተሙ ጽሑፎችን ስታነቡ የናሙና መምረጫውን ክፍል ልብ በሉ። «ገጻቸው ሙሉ የሆነ፣ ስንጥቅ የሌለባቸው፣ የኢናሜል ዕድገት ጉድለት የማይታይባቸው ጥርሶች ብቻ ተመርጠዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ለቤተ ሙከራ ንጽጽር ይህ ተገቢ ነው። ግን ማንን እንዳስቀረ እንጠይቅ።

በስምጥ ሸለቆአችን፣ ከመተሐራና ከወንጂ አንስቶ እስከ ሐዋሳ አካባቢ ድረስ፣ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር መጠን በላይ ፍሎራይድ አላቸው። ምክንያቱ በምድሩ ውስጥ ነው፤ የእሳተ ገሞራ አለቶቹ ፍሎራይድ ይለቃሉ፣ ውኃውም ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። ኢናሜሉ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ነጫጭ መስመር ያወጣል፤ ሲበረታም ይበልዛል፣ ይቦረቦራል። የአካባቢው ሰው በጥርሱ ቀለም የተነሣ ፈገግታውን በእጁ ሲሸፍን ያላየ ካለ ወደዚያ አልሄደም ማለት ነው። ጥርሱን ለማስተካከል ወደ እኛ ከሚመጡት ወጣቶች መካከልም እነዚህ አሉ።

የፍሎሮሲስ ጥርስ ለማጣበቂያ ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን በአንድነት ያቀርባል። የላይኛው ስስ ንብርብር በፍሎራይድ የበለጸገ ስለሆነ አሲድን ይቋቋማል፤ በተለመደው ሰከንድ የሚፈለገው ጉድጓድ በቅጡ አይፈጠርም፤ ብራኬቷም በቀላሉ ትወድቃለች። ከዚያ ንብርብር ሥር ያለው ኢናሜል ደግሞ ማዕድን ያነሰውና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ደካማ ነው። ስለዚህ አሲዱን አቆይተን፣ ወይም ገጹን በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት አሻክረን፣ ወይም ተጨማሪ ፕራይመር ቀብተን ይዞታውን ብናጠነክረው፣ ብራኬቷን ስናነሣ ያ ደካማ ኢናሜል አብሮ የመነሣቱ ስጋት ይጨምራል። ወለሉን ስናነሣ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ቀደም ሲል የተራራቁ አይደሉም ያልኳችሁ ወለልና ጣሪያ፣ በዚህ ጥርስ ላይ ይበልጥ ይቀራረባሉ።

ለዚህ ታካሚ «ይህ ማጣበቂያ 12 ሜጋፓስካል ነው» የሚለው የምርት መግለጫ ምን ይነግረዋል? ከሞላ ጎደል ምንም። ቁጥሩ የተገኘው እርሱን የመሰሉ ጥርሶች ከተለዩ በኋላ ነው። በቤተ ሙከራ «ከመስፈርት ውጭ» የተባለው ጥርስ ነው በክሊኒካችን ወንበር ላይ የተቀመጠው።

6. ምን እናድርግ?

ወቀሳ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ለክሊኒክ ሐኪሞች የምለው ቀላል ነው። ማጣበቂያ ከመቀየራችሁ በፊት አሠራራችሁን መርምሩ። አሲዱ በደንብ ታጥቧል? ገጹ ከደረቀ በኋላ ምራቅ ነክቶታል? ከነካው ጠርጎ መቀጠል ሥራን መደበቅ ነው፤ እንደገና መጀመር ይገባል። የብርሃን መሣሪያችሁ ኃይሉ መቼ ተለካ? በአብዛኞቹ ሬዚኖች ውስጥ ያለው ካምፎርኩዊኖን የሚነቃው በ470 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ባትሪው የደከመ መብራት ለዓይን ሰማያዊ መስሎ ሬዚኑን ግን በግማሽ ሊያጠነክረው ይችላል። በብረት ብራኬት ሥር ብርሃን በቀጥታ ስለማያልፍም ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ማብራትን አትርሱ። የፍሎሮሲስ ጥርስ ሲገጥማችሁ ደግሞ ሁለቱንም አደጋዎች፣ መውደቁንም መሸረፉንም፣ ለታካሚው ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት። ጥርሱ የእርሱ ነው፤ ውሳኔውም የእርሱ ሊሆን ይገባል።

ለተመራማሪዎችና ለተመራቂ ተማሪዎች አራት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ አማካዩን ብቻውን አታቅርቡ፤ ስርጭቱንና በዝቅተኛ ጫና የሚወድቁትን ድርሻ አሳዩ። ሁለተኛ፣ ከመፈተናቸው በፊት የወደቁ ናሙናዎችን ቁጠሩ፣ ጻፉም። ሦስተኛ፣ በስንት እንደተላቀቀ ስትጽፉ የት ላይ እንደተላቀቀና ኢናሜሉ ምን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። የምላጩን ፍጥነት፣ የውኃውን ቆይታና የብርሃኑን ሰከንድም እንዲሁ። አራተኛ፣ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጡ የተነቀሉ ጥርሶችን «ከመስፈርት ውጭ» ብላችሁ አትጣሉ፤ በታካሚው ፈቃድ ሰብስቧቸው፣ የፍሎሮሲሱን ደረጃ ከ0 እስከ 9 ባለው የቲልስትሩፕና የፌየርስኮቭ መለኪያ መዝግቡ፣ ለብቻቸውም ፈትኗቸው። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ለአገራችን ታካሚ በቀጥታ የሚጠቅም፣ ለሌላው ዓለምም አዲስ ዕውቀት የሚጨምር የምርምር መስክ ደጃችን ላይ አለ።

ንግግሬን ላብቃ። ማጣበቂያ የሚመዘነው በሁለት ቀናት ነው፤ ብራኬቷ በተጣበቀችበት ቀንና በተነሣችበት ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ሁላችንም እንለካለን፤ ለመለካት ቀላል ነውና። ታካሚያችን ግን የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ነው። ያን ቀን መስታወት አንሥቶ ሲመለከት ጥርሶቹ የተስተካከሉ ብቻ ሳይሆኑ ያልተጎዱም መሆን አለባቸው። ያን ያህል ካደረግን በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር 10 ቢሆን ወይም 14 እርሱን አያሳስበውም፤ እኛንም ሊያሳስበን አይገባም።